ፍጻሜውን የቀየርሽብኝ ታሪክ

እማዬ፣

አፈር ከለበስሽ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ጀነትን ይወፍቅሽ። ተናድጄብሻለሁ፤ እሱንም ሳልደብቅ ልንገርሽ።

እቤት ብዙ ነገር ተቀይሯል። አክስቴ ዘሃራ ታመሽ የተኛሽበትን ክፍል ለሁለት መምህራን አከራይታዋለች። ወደ ሐይቁ የሚያወርደው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ።

ቤሩት ስትሄጂ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ትደውዪና፣ አብራሽ የምትሠራው ፊሊፒናዊቷ ማሪሴል ከመጽሐፏ እያነበበች በዓረብኛ የነገረችሽን ታሪክ ታወሪኝ ነበር። ሁሉም እንደ እኔ በማደግ ላይ ያሉ የአገሯ ልጆች ታሪክ ነው። ከአባቱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣው ልጅ ነበረ፤ ባሕሩን የኛን ሐይቅ እያደረግኩ ነበር የማስበው። ከሁሉም የምወደው ግን ሉዝ የምትባለዋን ልጅ ታሪክ ነው። እዚያ አገር ሴት ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ትልቅ ድግስ ይደገስላታል። የሉዝ እናት ሰው አገር ስለምትሠራ ቀሚስ ላከችላት። አንቺ ስትነግሪኝ ቀሚሱ ልክክ አለላት፤ እናትየዋም ሳትታሰብ ጭፈራው መሃል ደረሰች። ስንቴ አስደገምኩሽ!

በስምንት ዓመትሽ መጣሽ፤ ፊትሽ ገርጥቶ፣ እግርሽ አብጦ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ሻንጣሽን ከፍተሽ ቀይ ጫማ አወጣሽልኝ። የትንሽ ልጅ ጫማ።

“ይሄን ለማን ነው ያመጣሽው? ልጅሽ ስንት ዓመቷ እንደሆነ እንኳ አታውቂም?” አልኩሽ።

“እውነትሽን ነው፣ የኔ ልጅ” ብለሽ ጫማውን ወደ ሻንጣው መለስሽው። ከዚያ በኋላ በኖርሽባቸው አራት ወራት አንድም ቀን “እማዬ” ብዬ አልጠራሁሽም። ለኩላሊትሽ ደሴ ስትመላለሺ የምትደግፍሽ አክስቴ ነበረች። እኔ ፈተና አለብኝ እል ነበር።

መጽሐፉን ሻንጣሽ ውስጥ ያገኘሁት ከቀበርንሽ በኋላ ነው። ማሪሴል ስትለያዩ ሰጥታሽ ኖሯል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስልኳን ጽፋለች። እንግሊዝኛው አስቸግሮኝ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ የሉዝን ታሪክ ጨረስኩት። እማዬ፣ ቀሚሱ ልኳ አልነበረም። ጠቧታል። እናትየዋ የምታውቀው ትታት የሄደችውን ትንሿን ልጅ ነው። ወደ ድግሱም አልመጣችም። ስትደውል ግን ሉዝ የጎረቤት ቀሚስ ለብሳ፣ “አምሮብኛል፣ እማ” አለቻት።

ያቺ ልጅ ለእናቷ ዋሸችላት። እኔ አልዋሸሁልሽም። ለምን ቀየርሽብኝ? እውነተኛውን ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ምን እንደምልሽ አውቅ ነበር።

ባለፈው ወር በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ለማሪሴል ደወልኩላት። አሁንም ቤሩት ናት፣ ሌላ ቤት። መሞትሽን ስነግራት አለቀሰች። ስለ ጫማው ጠየቅኳት። የገዛሽልኝ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው አለችኝ። ልትመጪ ሻንጣሽን ሸክፈሽ ሳለ ማዳምሽ ፓስፖርትሽን አልሰጥም ብላ አስቀረችሽ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ማሪሴል “አድጋለች እኮ፣ ለሌላ ልጅ ስጪው” ብትልሽ፣ “እኔ የማውቀው ይህንን እግሯን ነው” ብለሽ እምቢ አልሻት።

ይህን ለምን አልነገርሽኝም? አራት ወር ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ነበርን። እኔም አልጠየቅኩሽም።

ማሪሴል በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ አለቻት። ካየቻት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። “ሂጂ፣ አሁኑኑ ሂጂ” አልኳት።

“በሚቀጥለው ዓመት” አለችኝ።

አንቺም ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር የምትይኝ።

አልረሳሽም፣ እማዬ። አንቺ ታሪኩን እንዳሳመርሽልኝ አሳምሬ ግን አላስታውስሽም፤ ሰው ፊት ያልኩሽን ቃል፣ ሳልሸኝሽ የቀረሁባቸውንም ቀናት ጭምር ይዤ ነው የምኖረው።

ልጅሽ ሰዓዳ