የእማዬ ቆሽት ላይ የታየው ነገር

ለውድ ወንድሜ ለሸሪፍ አብዱልመናን፣
ካርቱም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ቤትህ፣ ንግድህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀትና አቧራ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳልህስ ለቀቀህ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። "ደህና ነን" ብዬ ለመጀመር ፈራሁ፤ ባለፈው በስልክ ደህና ነን ስልህ "አትዋሺኝ" ብለህ አለቀስክ። ልቅሶህን እማዬ ሰማችው፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። እንግዲህ ድምፄን ካላመንክ ጽሕፈቴን እመን፤ የሆነውን ከሥሩ ልንገርህ።

ከዒድ በኋላ እማዬን ከጎድን አጥንቷ በታች ይወጋት ጀመር። አንድ ክሊኒክ ወስደናት በአልትራሳውንድ ቢያዩ፣ ቆሽቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፣ ቶሎ በቀዶ ጥገና ይውጣ አሉን። እማዬ ሳቀች። "አባታችሁ ሲያሳርረው የኖረው ቆሽት አይደል? ምን ይገርማል!" አለች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ታናሻችን አኒስ ሆስፒታል ወስዶ ሲቲ ስካን አስነሣት፤ ከዚያም ለኤምአርአይ አዲስ አበባ ይዟት ሄደ። ውጤቱ የመጣ ዕለት እኛን አግዳሚው ላይ ትቶ ሐኪሙ ዘንድ ብቻውን ገባ። ፈገግ ብሎ ወጣና "አይነካም ተብሏል፤ በየስድስት ወሩ እየታየ ይቀመጣል" አለን።

ወንድምዬ፣ አንተ እዚያ ስለነበርክ አላየህም እንጂ፣ አባዬንም "ቤቱ ይግባ፣ ያማረውን ይብላ" ብለው ነው የሸኙት። ያን ጊዜም ከሐኪሙ ክፍል ፈገግ ብሎ የወጣው አኒስ ነበር። በወሩ ቀበርነው። ታዲያ ትናንት ቶሎ ይውጣ የተባለ ነገር ዛሬ አይነካም ሲባል ምን ልበል? አኒስ ወላሂ ብሎ ማለልኝ፤ ለአባዬም ጊዜ ምሎልኝ ነበር። ስልክ ይዞ ወደ ግቢ ሲወጣ ከበሩ ጀርባ ቆሜ እሰማው ጀመር። ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ሲያወራ እንኳ የሚስጥር ቋንቋ መሰለኝ።

ለካ እኔ አኒስን ስከታተል፣ እማዬ ሁለታችንንም ትከታተል ኖሯል። እኔ ጨው አታብዢ ብዬ መቆጣቴን ስተው፣ አኒስ ብርቱካን ሳይዝ አልገባም ሲል፣ ፍርዷን ለራሷ ፈረደች። የዒድ ቀሚሷን ለጎረቤት ሰጠች። ቤት ለቤት እየዞረች "አፉ በሉኝ" ትል ጀመር። ጎረቤታችን የዳኛው እናት እያለቀሰች መጥታ "ምነው፣ ምን አገኛት?" አለችኝ። የአንተም ልቅሶ የመጣው በዚሁ ላይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ለብሳ ጠበቀችኝ። "ተነሽ፣ ሐኪሙ ዘንድ ውሰጂኝ። የኔን ሆድ ሰው ሁሉ ሲያውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ" አለች። ዶክተር ቢሻው ይባላል። ገና ሳትቀመጥ "ልጄ፣ እንደ ልጆቼ አታለሳልስልኝ" አለችው። እሱም የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እሷ አዞረላት።

ከረጢቱ ዓይነቱ ብዙ ነው አለ። አንዳንዱ ቆሽት ከቆሰለ ወይም ከተመታ በኋላ የሚጠራቀም ነው። አንዳንዱ ዝልግልግ ነገር ይቋጥራል፤ እሱ ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊዞር ስለሚችል ብዙውን ጊዜ ይወጣል። የእማዬ ግን ከቀፎ እንደወጣ የማር ሰፈፍ በጥቃቅን ክፍል የተከፋፈለ፣ ቀጭን ውሃ የያዘ ነው፤ ከቆሽቱ ቱቦ ጋርም አልተገናኘም። ይህ ዓይነቱ እምብዛም አይከፋም አለን። ቆሽት ከጨጓራ ኋላ የተደበቀ ስለሆነ፣ ክሊኒኩ ከረጢት መኖሩን እንጂ ዓይነቱን ለማየት አልቻለም። የሚወጋት ጨጓራዋ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መድኃኒት አዘዘላት።

እኔ አላመንኩም። "እናትዎ ቢሆኑስ ይተዉአቸዋል?" አልኩት። "እተዋቸዋለሁ፤ ግን ዓይኔን አልነቅልም። ፎቶ አይምልም፣ እኔም አልምልም። ስድስት ወሩ ደርሷልና ዛሬውኑ ደግመን እንያቸው" አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ የተመለሰው ያኔ ነው። አባዬን የሸኙት ሰዎች ሁሉንም እርግጠኛ ሆነው ነበር የነገሩን። የቀድሞውንና ያሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየን፤ አላደገም፣ አልተለወጠም። እማዬ ጣቷን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሰች ደጋግማ አየች። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህም ውጋቱ ቀሎላታል። አኒስ ግን ይቅርታ እስክጠይቀው አኩርፎኛል፤ እውነት አለው።

ቢሆንም ጥርጣሬ አንዴ ከገባ እንደ ቁንጫ ነው፤ ወጣ ስትል ይነክስሃል። ስለዚህ ፎቶዎቹ ያሉበትን ሲዲ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሾፌሩ በፋንታሁን እጅ ልኬልሃለሁ። እዚያ ላለ ጥሩ ሐኪም አሳየው። የጎንደሩ ሐኪም ምን እንዳለ ግን ቀድመህ አትንገረው።

ለያስሚን፣ ለቡሽራ፣ በደጅህ ላሉት ያገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። አኒስ ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ ሰላም ብሎሃል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ስጽፍ ታያለች፤ የምትልህ ይህን ነው፦ "ሐኪሙ ያለውን ለፈህሚያ አትንገራት፣ ለአኒስም አትንገረው። ደግም ይሁን ክፉ፣ ደውልና ለእኔ ንገረኝ። ከበሽታው ይልቅ የገዛ ልጆቼን ፊት ማንበብ ነው ያደከመኝ።"

እህትህ ፈህሚያ አብዱልመናን
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
መጋቢት 18 ቀን 2006 ዓ.ም.