ሳጥኑን ቀይሪው፣ መስታወቱን ተይልኝ

ደባርቅ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሊድያ ገሠሠ፣ ዱባይ፤

ሰላምታዬ የደባርቅን ብርድ ተሻግሮ እዚያ እሳት ውስጥ ይድረስሽ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ ገብሱ ገና አልታጨደም። ይህን ወረቀት የወይዘሮ በለጠች ልጅ ወደዚያ ስትመለስ ታደርስልኛለች። ጽሕፈቴ ለምን እንዲህ ገዘፈ ብለሽ እንዳትስቂ፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ነገር። ጽሕፈት ቤትሽን ዘግተሽ ስትሄጂ የተውሽልኝ ዕቃ አርጅቷል። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ እስኪከፈት ቅዳሴ ተሰምቶ ይመለሳል። ከነሐሴ ወዲህ ደግሞ ደብዳቤሽን አላሳይም ብሏል። የአክስትሽ ልጅ ባርናባስ፣ መናኸሪያው በር ላይ ስልክ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሊቅ ሆኗልና፣ "ይኼ የሙዚየም ነው" ብሎ ሳቀበት። ባለፈው ቅዳሜ ጫማውን እንኳ ሳያራግፍ ገባ።

"አክስቴ፣ ሊድያ ጽፋልኛለች። ኮምፒውተሩን በምን ልቀይርላት ትላለች።"

"ሌላስ ምን አለች?"

"ደህና ነኝ ብላለች።"

እኔ ግን አውራ ጣቱን አይ ነበር። ስልኩ ላይ አራት ጊዜ ወደ ላይ ገፋ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የወጣው "ደህና ነኝ" ብቻ ነው?

"አምጣው፣ ራሴ ላንብበው" አልኩት።

ሰጠኝ። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህላል። ባርቀውም ባቀርበውም ጉም ሆነብኝ። እሱም ገባው፤ ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና፣

"አዩ? ለዚህ እኮ ነው ስልክ ይሻልዎታል የምለው። ዘንድሮ ማን ያነባል? በድምፅ ትልክልዎታለች፤ እኔ እየመጣሁ አሰማዎታለሁ።"

"አንተ እየመጣህ?"

"ታዲያ ልጅዎ ለምን ሆንኩ!"

ይህን ሲል ፊቱ ቁርጥ ሀብተ ሚካኤልን መሰለኝ። ይህን በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም።

አባትሽ ጦር ሜዳ ሳለ አንቺ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ከመስቀል በኋላ ደብዳቤ መጣ። ያኔ ፊደል አልለይም፤ እንደ ሰው ሁሉ የመንደሩን ደብዳቤ ለሚያነበው ለሀብተ ሚካኤል ወሰድኩት። ከፈተው፣ በዓይኑ ወረደበት፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ደህና ነኝ፣ ለገና እመጣለሁ ይላል" አለኝ። ወረቀቱ የሚለው መሞቱን ነበር፤ የጻፈውም ጓደኛው። መርዶ በወግ ይነገር፣ ዘመድ ከአምቢኮ ይምጣ፣ እህሏን ትሰብስብ ተባብለው ደበቁኝ። ሦስት ወር አገር ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ ጌሾ ወቀጥኩ። በገና ዋዜማ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሬን አንኳኩ። ለቀስተኛው የጠጣው ለአባትሽ የጠመቅኩትን ጠላ ነው። ሀብተ ሚካኤልም ሁለት ዋንጫ ጠጣ። "አዝኜልሽ እኮ ነው" አለኝ። ማዘኑን ለራሱ ያድርገው!

አንቺ አንደኛ ክፍል ስትገቢ ከጎንሽ ቁጭ ብዬ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው። "ልትቀድስ ነው እንዴ?" እያለ የሳቀብኝ ሁሉ ዛሬ ማመልከቻ ሊያስጽፍ በሬ ላይ ይቆማል። አስቆመዋለሁም።

እንግዲህ ስለ ግዢው። ስልክ አልፈልግም። ጎረቤቴ መምህር ዘመነ ደግሞ ታብሌት ይላል፤ "እትዬ ባንቻየሁ፣ ቀላል ነው፣ በብብት ይያዛል።" ዶሮ ልሸጥ ነው? ላፕቶፕ የሚሉትንም አሳየኝ፤ መስታወቱ የመሶብ ክዳን እንኳ አያህልም። ያንቺ አሮጌ ኮምፒውተር መስታወቱ ሰፊ ነው። አንዷን ፊደል ጡጫ እስክታክል አሳድጌ አነባታለሁ፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ጤና ጣቢያ ዓይኔን ሞራ ጀምሮታል ብለው ወደ ጎንደር ጽፈውልኛል። ይኸው ነገርኩሽ፤ እኔ አልደብቅም። ስለዚህ የሚያጓራውን ሳጥኑን ቀይሪው፣ መስታወቱን ተይልኝ። ባርናባስ "ለብቻው አይገዛም" ብሎ ነበር፤ ዘመነ ይገዛል አለ። ከሁለት ተመጻዳቂ አንዱ እውነት ሊናገር ግድ ነው።

አዲሱ ሳጥን እስኪመጣ ድረስ በወረቀት ጻፊልኝ። አራት ጊዜ የተገፋው ውስጥ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ታመሽ ከሆነ፣ ሥራ አጥተሽ ከሆነ፣ ሰው በድሎሽ ከሆነ፣ እችለዋለሁ። ለባርናባስ የነገርሽውን ለእኔ ያልነገርሽኝ አዝነሽልኝ ከሆነ፣ እሱን ነው የማልችለው። ለገና እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር። ጌሾውን ገዝቻለሁ፤ አልወቀጥኩትም።

ኪዳነ ምሕረት ከሰው ፊት አታጉድልሽ፣ እጅሽን ከእሳት፣ ልብሽን ከብቸኝነት ትጠብቅልኝ።

እናትሽ
ባንቻየሁ

ስትጽፊ ፊደሉን በትልቁ አድርጊው። ነገሩ ክፉ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አግዝፊው።