የኢላላዋ ሙሽራ

ዳሬሰላም፣ ኢላላ
ዲሴምበር 1961

ውድ ኮንዶ፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ውድ ነህ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ የቀረውን ስታነብ "ጠልታኝ ነው" ብለህ እንዳትጽናና ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅ። አሁን በራሴ እጅ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት እህትህ ሺፋያ መጣች። የማንዳዚውን ሊጥ በዘይት እየጠበስኩ ነበር። ከትኩሱ አንድ ሁለት ዋጥ አደረገችና "ዛይና፣ የምስራች! ወንድሜ ይቅር ብሎሻል፤ ዕቃሽን ሸክፊና ቤትሽ ግቢ" አለችኝ። ዘይቱ ውስጥ ያለው እስኪያርር አፌን ከፍቼ አየኋት። አንተ እኔን ይቅር አልክ? ዓይንህን በጨው አጥበህ?

ያን ቀን የሆነውን ሰፈሩ እንደፈለገ ያወራዋል። ከእኔ አፍ ግን ሰምተህ አታውቅምና ስማ።

እንግሊዞቹ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በከለከሉ ጊዜ አንተ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርክ። የመንግሥት ሠራተኛ ነፃነት በሚጠይቀው ፓርቲ ውስጥ ከተገኘ ይባረራል። ፈራህ፤ በመፍራትህ አልፈረድኩብህም። እኔንም "ከነዚያ ሴቶች ጋር እንዳላይሽ" አልከኝ። እሺ አልኩህና እንዳታየኝ ተጠንቅቄ ሄድኩ።

ሴቶችን ለፓርቲው የምትመዘግበው የጭፈራ ማኅበራችን መሪ ቢ ምዋንቱሙ መላ አገኘች። ለሰርግ ፈቃድ አይጠየቅም። ሙሽራ ወዳለችበት ክፍል ደግሞ ወንድ፣ ፖሊስም ቢሆን፣ አይገባም። "እዚያ እንሰበሰባለን፤ የጎደለን ሙሽራ ብቻ ነው" አለች። ያላገባች ልጅ ብናስቀምጥ ነገ "የፊተኛው ባልሽ የት ሄደ?" እየተባለች ቆማ ልትቀር ነው። ባል ያላት ሴት ትሁን ተባለ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ፤ ሳቅን። ባለትዳር ስሟ አይጠፋም ብለን ነበር።

እጄን ሂና ቀቡኝ፣ ከራሴ እስከ እግሬ ሸፈኑኝ፣ አልጋ ላይ አስቀመጡኝ። ደጅ ከበሮ ይመታል። ውስጥ ቢ ምዋንቱሙ ስለ ምርጫው፣ ስለ ግብሩ፣ ነጮቹ ሲወጡ ስለምንሠራው ትናገራለች። አዲስ የሚመዘገቡት ሴቶች ለሙሽራዋ ስጦታ የሚሰጡ መስለው ወደ እኔ ይመጡና የፓርቲ አባልነት ካርዳቸውን ይወስዳሉ። ካርዱ ሁሉ ከቀሚሴ ሥር ነበር።

ያን ጊዜ ድምፅህን ሰማሁ። የትኛው ወሬኛ እንደነገረህ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

"የታለች? እኔ ሳልሞት የምትዳረዋ ሚስቴ የታለች?"

"ኧረ ቀስ በል ወንድሜ፣ ሰርግ ቤት ነው" አለችህ ቢ ምዋንቱሙ በሩን ይዛ።

"የማን ሰርግ? ዛይና! አንቺ ካልሆንሽ ተናገሪ! አንዲት ቃል!"

ጩኸትህ እንግሊዛዊውን መኮንንና አንድ ፖሊስ ከመንገድ ጠርቶ አመጣቸው። ሽፋኑን ገለጥ አድርጌ በመስኮቱ አየኋቸው፤ ከኋላህ ቆመዋል። "ኮንዶ፣ ስብሰባ ነው" ብልህ ታርፍ ነበር። እነሱም ይሰሙ ነበር። ክፍሉ ሙሉ ሴት፣ ካርዱም ከሥሬ። አፌን ቆለፍኩ።

"ፈትቼሻለሁ!" አልክ። በአንዱ ብታቆም ቃዲው ያስታርቀን ነበር። ደገምክ። ሠለስክ፤ ሦስቴ የተባለ ፍች ደግሞ አይመለስም።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለ መኮንኑ።

"የቅናት ነገር ነው ጌታዬ" አለው ፖሊሱ እየሳቀ፣ "የሙሽራዋ የድሮ ባል ነው።"

ከአንተ የተሻለ ምስክር ብንፈልግ አናገኝም ነበር! ቢ ምዋንቱሙ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሴቶቹም ተቀበሏት፣ መኮንኑ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ። እኔ ከሽፋኑ ሥር አለቀስኩ። ማንም አልጠረጠረም፤ ሙሽራ ታለቅሳለች።

በሳምንቱ እውነቱን ሰምተሃል። የነገረችህ ራሷ ሺፋያ ናት። መምጣት ትችል ነበር። በጓሮ በር፣ ሲመሻሽ፣ እንደፈለግህ። ሥራዬን አጣለሁ ብለህ ቀረህ። ስንት ዓመት ሙሉ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አንተ እየመሰልከኝ ከምጣዱ ቀና ብያለሁ። ይህንንም የምነግርህ አላፍርበትም ብዬ ነው።

አሁን የእንግሊዝ ባንዲራ ወርዶ የእኛ ሲወጣ ትዝ አልኩህ። ጎረቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠህ "እኔ ለነፃነቱ ሚስቴን ሰጥቻለሁ" ትላለህ አሉ። ኮንዶ፣ አልሰጠኸኝም፤ ጣልከኝ። ቃዲው በንዴት የተነገረ ፍች አይጸናም ብሎሃል አሉ። ለእሱ አይጽና። የሰማሁት እኔ ነኝ።

ቢ ምዋንቱሙ ታማለች፤ አሁን ማኅበሩን የምመራው እኔ ነኝ። ለሴቶች የምንሠራው የማታ ትምህርት ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ነው የቀረን። አንተ ግን ማኅበሩን እንድተው ትፈልጋለህ። "እንግሊዝ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ሴቶቹ ምን ሥራ አላቸው?" ብለህ የላክህብኝን ሺፋያ እያፈረች ነገረችኝ። እሷ እንኳ አፈረች።

አልመጣም። ሽማግሌ አትላክ፣ እህትህንም አታድክም። ነፃነት መጥቷልና ወደ ቤትሽ ተመለሺ ትለኛለህ። ለማን የመጣ መሰለህ?

ደህና ሁን፣

ዛይና ቢንቲ ምቶሮ