ሁለት ብዬ የፈረምኩበት ጭስ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ እንዳልሽ ነው የምትውዪው? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ባለቤትሽ ጋሼስ ከእግሩ ሕመም አገገመ? ልጆቹስ? እኔ፣ ሳሉን ካልቆጠርነው፣ ደህና ነኝ፤ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም። እንዲህ ብዬ መጻፍ ስለለመደብኝ ነው እንጂ፣ እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ ደክሞኛል እትዬ።

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። የፋብሪካችን ሰዎች እናንተ ጋ ድረስ መጥተው፣ ሁለተኛ ፋብሪካ ልንተክል ነው ብለው የወንዙን ዳር መሬት እንደጠየቁ ጻፍሽልኝ። ጭሳችን ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት አሳዩን፣ ግርጌው ላይ ያንተን ፊርማ አየን አልሽ። እማዬ በጣቷ እየዳሰሰች የልጄ ነው ብላ ኮራች አልሽ። ሰውም እሱ ከፈረመ ምን እንፈራለን ብሎ ለመጪው ሳምንት እሁድ ለፊርማ ተቀጣጥሯል። ይህን ሳነብ የምገባበት ጠፋኝ። በፖስታ ቢዘገይስ ብዬ ይህን ደብዳቤ ወደናንተ በሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ። እባክሽ፣ እስኪነበብ ድረስ ማንም እንዳይፈርም።

ሥራዬን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ፋብሪካው ጨርቅ ያቀልማል፤ እንፋሎቱ የሚመጣው ድንጋይ ከሰል ከሚበላ ትልቅ ቦይለር ነው። እኔ በቀን ሦስት ጊዜ ግቢው መሃል ቆሜ፣ ከነጭ እስከ ጥቁር ስድስት ሣጥን ያለበት ካርድ ወደ ጭስ ማውጫው አንስቼ፣ ጭሱ የትኛውን እንደሚመስል አያለሁ። ከዜሮ እስከ አምስት ቁጥሩን መዝግቤ እፈርማለሁ። ከሁለት ከበለጠ እሳቱ ይጥፋ ይላል ደንቡ። ሰዉ "ጭስ አንባቢው" ይለኛል። እንዲህም ተብሎ ሰው ደሞዝ ይበላል!

ፋብሪካው ክፉ ነው እንዳልል እውነቱ ያንቀኛል። እሱ ከመጣ ወዲህ መንገድ ወጣ፣ መብራት ገባ፤ ጎረቤቴ የሰው ልብስ አጣቢ የነበረችው ዛሬ ማቅለሚያ ክፍል ተቀጥራ የራሷን ቤት በር ትዘጋለች። ግን ሥራው ባደገ ቁጥር ከሰሉም አደገ፤ በሳምንት ስድስት መኪና የነበረው ሃያ ሆኗል። ከፋብሪካው ባለቤቶች አገር፣ ከባሕር ማዶ የመጣው መካኒክ እንዳጫወተኝ፣ ይህ ቦይለር እነሱ ዘንድ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ፈታተው በመርከብ ያመጡት ነው። እናንተ ገና እያደጋችሁ ስለሆነ ትንሽ ጭስ ትችላላችሁ ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ደግሞም የሚታየው ጥቁሩ ብቻ ነው፣ ዓለምን የሚያሞቀው ካርቦን የሚባለው ዓይን አያየውም አለኝ። ለእሱማ ካርዴ ላይ ሣጥንም የለው።

አንድ ጊዜ፣ ገና እንደተቀጠርኩ፣ ያየሁትን አራት ብዬ ጻፍኩ። እሳቱ ጠፋ፤ አርባ ሰው ያለ ቀን ሒሳቡ ወደ ቤቱ ተሸኘ። ጎረቤቴ በር ላይ ስታየኝ ሰላምታ ነሳችኝ። በማግስቱ የፈረቃ ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ዓይንህ ደክሞ ይሆናል አለኝ። ሌላ አላለም፤ አላስፈራራኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያልኩ አራት ዓመት ፈረምኩ።

ሁለት አይደለም እትዬ። አራት ነው፤ አንዳንድ ጠዋት አምስት ነው። ይህን ደብዳቤ የመንደሩ አስተማሪ በእሁዱ ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ስሜንም አይደብቅ። የፋብሪካው ሰዎችም እዚያው ስለሚገኙ የሚከተለውን አውቃለሁ፤ ልብሴን ሸክፌአለሁ። መሬቱን አትስጡ አልልም፤ በዚያው ጭስ እያደርኩ በምን አፌ? ከሰል የማይበላ አዲስ ቦይለር በጽሑፍ ጠይቋቸው። ከዚያ ብትፈርሙም ባትፈርሙም በራሳችሁ ዓይን ይሁን፤ በእኔ ፊርማ ግን አይሁን።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ እግሩን ይጠብቅ። ታላቂቱን ልጅሽን ትምህርቷን እንዳታቋርጥ አደራ በያት፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለእማዬ ግን ከስብሰባው በፊት አንቺው ራስሽ ለብቻዋ ንገሪያት፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማው። ብትቆጣ ትቆጣ። ዝም ካለች ግን ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ
ከቦይለር ክፍሉ ጀርባ
ረቡዕ፣ ሰኔ 9 ቀን