በወለላ እጅ ስለተሰፋው የእድራችን ድንኳን

ለተከበሩ የሰፈራችን እድር ዳኛ ለአያ ካሣዬ፣
ቀሐ ዳር፣ ጎንደር

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ክቡር ጤናዎ እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ ይልቁንም የእቃ ቤቱን ቁልፍ የተሸከመውን ኪስዎን አምላክ ይጠብቅልን።

በነሐሴ የጎረቤቴ የወለላ እናት እማማ ጥሩ ባረፉ ጊዜ ላደረጉልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድሁ። ወለላ ጸሎት ቤት መሄድ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ ግን ጾም ገድፈው የማያውቁ፣ ፍትሐት ተደርጎላቸው በደብራችን የተቀበሩ ናቸው። ሆኖም ሰኔ ላይ ያጸደቅነው ደንብ «ሃይማኖቱን የለወጠ በእድሩ አይገለገልም» ስለሚል፣ ለቅሶው በልጅቱ ደጅ በመቀመጡ ድንኳኑን ከለከሉ። ስለዚህም፦

፩. ድንኳኑን ከዝናብ ስላዳኑልን እናመሰግናለን። ለቀስተኛው በስብሶ ሲውል እርሱ እቃ ቤት ውስጥ ጠብ ሳይልበት ሰንብቷል።

፪. ጡሩምባው እንዳይነፋ በማዘዝዎ የማለዳ እንቅልፋችን አልተቋረጠም። እኔም መርዶውን የሰማሁት ቦኖ ውሃ ስቀዳ ነው።

፫. በማግስቱ ሙስሊሙ ጎረቤታችን አያ እንድሪስ በርበሬ የሚያሰጡበትን ሸራ አምጥተው ሲወጥሩ ዝም ማለትዎ ትልቅነት ነው። ማን በሐዘን፣ ማን በበርበሬው እንዳለቀሰ መለየት ቢያቅትም ከዝናቡ ተርፈናል።

፬. አምና በእናትዎ ለቅሶ ነፋስ ድንኳኑን ሲቀደው፣ ሁለት ቀን ቁጭ ብላ በመርፌ የሰፋችው ወለላ ነበረች። ያኔም ጸሎት ቤት ትሄድ ነበር፤ እርስዎም «እጅሽ ይባረክ» ብለው መርቀዋታል። አሁን ስፌቷ ይተርተር ወይስ ጠበል ይረጭበት? ይወስኑልን።

አልዋሽም፣ ያ ደንብ ሲጸድቅ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ሰው ሁሉ ሲያወጣ አወጣሁ። ወለላ ደጅ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ግማሹ እንባዬ የራሴ እፍረት ነበር። እሁድ የወለላን ስም ከመዝገብ ለመሰረዝ ስብሰባ እንደጠሩ ሰምቻለሁ። እመጣለሁ፤ እጄንም አወጣለሁ፣ ለተቃውሞ። ካልሆነም የእኔ ስም ከእሷ ጎን ይሰረዝልኝ።

ለቅሶአችንን በደንብና በቁልፍ የሚመሩልን ዳኛችን ሆይ፣ ረጅም ዕድሜና ዝናብ የማይነካው ክረምት እየተመኘሁልዎ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሐመልማል አለበል

ይህም ይድረስ፦ የስፌቱን ነገር ለወለላ አጫውቻት ነበር። ትቆጣለች ስል፣ «በምሰሶው በኩል ያለው ላልቷል፤ የሰው ለቅሶ ላይ እንዳያፈስ አያ ካሣዬ ይላኩልኝና ላጥብቀው» አለችኝ። መልእክቷን አድርሻለሁ። እሁድ ስሟን ሰርዘው ሲመለሱ ድንኳኑን ይዘውላት ይለፉ።