ጓድ አባይነህ ጨረቃ ላይ እንዳያርፍ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ አስረስ፣

ጤናህ እንደምን ነው? የኪየቭ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? እኛ እመብርሃን ትመስገን ደህና ነን፤ ከእኔ ሐሳብ በቀር። ይህን በፖስታ ለመላክ ፈራሁ፤ ለትምህርት ወደዚያ የምትመጣው ተናኘ ታደርስልኛለች። አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

የላክህልኝ ካልኩሌተር መዘዝ ይዞብኝ መጣ። እንደጻፍህልኝ ቁጥሩን አስገብቼ የምጫወተው የጨረቃ ጨዋታ ይጣፍጣል፣ አልዋሽህም። ለብሔራዊ ውትድርና ስሜ ከተያዘ ወዲህ አፈሳ ፈርቼ ቤት ተዘግቼ ስውል፣ መንኮራኩሬን ወደ ጨረቃ ሳወርድ ጎፋም ቀበሌም ይረሳኛል። ግን ምን ዓይነት ክፉ ጨዋታ ነው! እንደ እውነተኛው በረራ ነው ብለህ ጽፈህልኝ የለ? ከፍታና ፍጥነት በቁጥር ብቻ ያሳይሃል፤ ፍሬን የምትይዘው ነዳጅ እያቃጠልህ ነው፤ ካበዛህ አብራሪው ራሱን ይስታል፣ ካሳነስህ ትከሰከሳለህ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያስገባኸው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል።

ባለፈው ወር አብዮት ጠባቂዎች ለፍተሻ ገብተው ቁጥሩ ሲበራ አዩና፣ የስለላ ሬዲዮ ነው ብለው እኔንም እሱንም ቀበሌ ወሰዱን። ለሊቀመንበሩ ለጓድ አባይነህ ጨዋታ መሆኑን አሳየሁት። እስቲ ልሞክረው አለ። ተከሰከሰ። ደገመ፤ ተከሰከሰ። እልህ ያዘውና በሰው ፊት፣ እኔ ጨረቃ ላይ በሰላም ሳላርፍ ይህ ልጅ የትም አይሄድም፣ የዘማቾቹ መኪና ትቶት ይሂድ አለ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየተጠራሁ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ፈሪ ስለሆነ ገና ከላይ ፍሬን ይይዝና ነዳጁ መንገድ ላይ ያልቅበታል። መጀመሪያ ዝም ብለህ ውረድ፣ ነዳጁን ለመጨረሻ አቆየው ማለት አፌ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዋጥ አደርገዋለሁ። አውቄ መደበቄን ከነቃብኝ አለቀልኝ። እማዬማ ለጎፋ ገብርኤል ጥላ ተስላለች፤ አባይነህ እንዳያርፍ ብላ! እንዲህ ያለ ስለት ሰምተህ ታውቃለህ?

ትናንት ግን ሐሞቴ ፍስስ አለ። ነዳጁን ቆጥቦ ቆጥቦ፣ ሊያርፍ ለጥቂት ነው የሳተው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ ነገ አርፋለሁ፣ አንተም ትገላገላለህ አለኝ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ወንድም ጋሼ፣ በእማዬ ሞት ይዤሃለሁ፣ ከዚህ የባሰ ጨዋታ ፈልግልኝ። ማርስ ካለ ማርስ ይሁን፤ ብቻ የማይቻል ይሁን፣ ቶሎም ይድረስልኝ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። እህታችን ወርቅዬ ሹራቡን ልትጨርስልህ ነው። ጎረቤታችን አቶ ነገሪም ናፍቆኛል በልልኝ ብለዋል።

ታናሽ ወንድምህ ደምሰው
ጎፋ፣ አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ደብዳቤውን ሳላሽግ አብዮት ጠባቂው በር ላይ ቆመ። ጓድ አባይነህ ደስ ብሎት እየሳቀ ነው፣ ብርድ ልብስህን ይዘህ ና ብሎሃል አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ ማርሱ ይቅር። እማዬን አደራ።