አሥራ አንድ አዳር

መንግሲር 3፣ ማክሰኞ
ሰባተኛ አዳሬን ጨርሼ ከሆስፒታል ወጣሁ። እስከ ሠፈሬ ፓታን በአውቶቡስ ቆሜ። ሁለት ነርሶች ዱባይ ከሄዱ ወዲህ በምትካቸው ማንም የለም። ሩዝና ምስር ቀማምሼ ተጋደምኩ። መንግሲር የሠርግ ወር ነው፤ ጎረቤት ሠርግ... ጥሩምባው ጆሮዬ ሥር። ሁለት ሰዓት ተኝቼ ይሆን? አይመስለኝም።

መንግሲር 4፣ ረቡዕ
ከአዳር ስንወጣ በቀጥታ ወደ ስልጠና። ጤናማ ልማዶች ለነርሶች። ግዴታ ነው! አሰልጣኙ እንቅልፍ የጠገበ ሰውዬ። ማታ ሻይ ተዉ፣ ስልክ ተዉ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኙ ይላል። ጓደኛዬ ሳርሚላ አጠገቤ ታንቀላፋለች። እጄን አወጣሁ።
"የአዳር ፕሮግራሙስ?"
"እሱ የእኔ ርዕስ አይደለም፣ እህቴ።"
በገንኩ።

መንግሲር 7፣ ቅዳሜ
ንጋት ላይ አልጋ ዘጠኝ ያሉት ሽማግሌ ክንዳቸውን ሸሸጉብኝ።
"ልጄ፣ አሁን ወግተሽኝ የለም እንዴ?"
ኢንሱሊን! ልደግማቸው ነበር። ተኝተው ቢሆንስ? እገድላቸው ነበር... ራሴው ሄጄ ለነርሶች ኃላፊዋ ለሜትሮን ነገርኩ።

መንግሲር 9፣ ሰኞ
ሜትሮን ወረቀት አቀረቡልኝ። ስህተቱ የደረሰው ጤናማ የእንቅልፍ ልማድ ስላልተከተልኩ ነው ይላል።
"ፈርሚና ይለቅ፣ ሙና። እኔ በአንቺ ዕድሜ አሥራ አራት ሌሊት አድሬያለሁ።"
"ስንት በሽተኛ ተሳስተው ወጉ ታዲያ?"
አመለጠኝ። ከወረቀቱ ግርጌ "አሥራ አንድ አዳር በተከታታይ ሠርቻለሁ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ካባረሩኝ ያባርሩኝ!

መንግሲር 12፣ ሐሙስ
አላባረሩኝም። ተመላላሽ ታካሚ ክፍል መደቡኝ። ቀን ብቻ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

መንግሲር 17፣ ማክሰኞ
ሻይ የለ፣ ስልክ የለ፣ እራት በጊዜ። ሠፈሩም ጭር ብሏል። እንቅልፍ ግን የት አባቱ... አዳሬን ለማን ሰጡት? ለሳርሚላ። የስምንት ወር ልጅ ላላት ሳርሚላ! ጠዋት በር ላይ ተገናኘን፣ እሷ ስትወጣ እኔ ስገባ። ዓይኗ ደም መስሏል።
"ስንተኛሽ ነው?"
"መቁጠር ትቻለሁ። አንቺ ግን አምሮብሻል።"
ከልቧ ነው። እሱ ነው ያቃጠለኝ።

መንግሲር 19፣ ሐሙስ
ሜትሮን ቢሮ ገባሁ።
"አዳሬን ይመልሱልኝ።"
"አብደሻል?"
"ግማሹን። አምስት አዳር ለእኔ፣ አምስት ለሳርሚላ፣ በየተራ።"
አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ እርሳስ አንስተው ፕሮግራሙን ሰረዝ ሰረዝ አደረጉ። "ከነገ ጀምሮ" አሉ።
ሆስፒታሉ አንድ ሰው እንኳ አልቀጠረም። ድካሙን እኛው ተከፋፈልነው። ያናድዳል፣ በጣም ያናድዳል። ግን ገና ሳይመሽ ዓይኔ እየተከደነ...